ዋጋው ሲወርድ ማን ይቀራል?

ኤንዞ ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሞት፣ ስሙን የያዙት አሮጌ የስፖርት መኪኖች ዋጋቸው ጣሪያ ነካ። የ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲመጣ ግን ገበያው ተናደ፤ ገዢ ጠፋ። ሞተሩ ያው ሞተር፣ ቅርጹም ያው ቅርጽ ነበር። ታዲያ የወደቀው ምንድን ነው?

የወደቀው ምኞት ነው እላለሁ። የእነዚህ መኪኖች ዋጋ የሚቆመው “ነገ ከእኔ የበለጠ የሚመኘው ይመጣል” በሚል እምነት ላይ ነው። ምኞት ደግሞ ያረጃል። በ1987 የወጣውን ኤፍ40 በፖስተር ግድግዳው ላይ ለጥፎ ያደገው ልጅ አንድ ቀን ይሸመግላል፤ ተከታዩን ትውልድ ሌላ ነገር ሊያምረው ይችላል።

ሌላም ጉድ አለ፦ መኪናው በተነዳ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። ስለዚህ ለሩጫ የተሠራው ነገር እንዳይሮጥ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ባለቤቱም ለማያውቀው ገዢ ዘበኛ ሆኖ ይኖራል። ይሄ ፍቅር ነው? አይመስለኝም።

ኪሳራ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ የጡረታ ገንዘቡን እዚያ ላይ ያፈሰሰ ሰው ያመዋል። ግን ገበያው ሲጠብ ማን እንደሚቀር አስተውሉ፦ ሊሸጠው ሳይሆን ሊነዳው የገዛው። ዋጋው ቢወርድም የገዛው ነገር አሁንም በእጁ ነው። እሁድ ጠዋት ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ ይነሳል።