የሲቲኮርፕ ማማ እና የሚያውቅ ሰው ዕዳ

በኒው ዮርክ ከተማ፣ የሌክሲንግተን ጎዳናና 53ኛው መንገድ በሚገናኙበት ቦታ ባለ 59 ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ቆሟል። ቁመቱ 279 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ተሠርቶ ሲያልቅ የሲቲኮርፕ ማእከል ይባል ነበር፤ ዛሬ የሚጠራው በአድራሻው፣ 601 ሌክሲንግተን እየተባለ ነው። ከሩቅ የሚለየው በአናቱ ነው፤ ጣሪያው በ45 ዲግሪ ተቆርጦ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ከሥሩ ቆሞ ቀና ለሚል ሰው ግን የሚያስደነግጠው እግሩ ነው። በሕንፃው መካከል ከሚወርደው የአሳንሰር ግንድ ሌላ ማማውን የተሸከሙት አራት ግዙፍ ምሰሶዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 35 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። የተተከሉትም እንደ ጠረጴዛ እግር በአራቱ ማዕዘን ላይ ሳይሆን በአራቱ ጎኖች መካከል ላይ ነው። ማዕዘኖቹ ከምሰሶዎቹ 22 ሜትር ያህል ርቀው፣ ከታች ምንም ሳይደግፋቸው አየር ላይ ወጥተዋል።

ይህን ቅርጽ የወለደችው አንዲት ቤተ ክርስቲያን ናት። እ.ኤ.አ. በ1862 የተመሠረተችው የቅዱስ ጴጥሮስ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ የዚያን ቦታ አንዱን ማዕዘን ይዛ ኖራለች። ባንኩ ለዋና መሥሪያ ቤቱ ቦታውን ሁሉ ሲጠቀልል ምእመናኑ ለመሸጥ ተስማሙ፤ ነገር ግን በቅድመ ሁኔታ ነበር። በዚያው ማዕዘን ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይሠራላቸው፤ ከማማው የተለየ፣ ራሱን የቻለ ሕንፃ ይሁን፤ የማማው ምሰሶም በቤተ መቅደሳቸው ውስጥ አይለፍ። አካባቢው ሁሉ በገንዘብ በሚተመንበት መሀል ከተማ አንድ ጉባኤ የጸሎት ቦታውን ከሽያጭ በላይ አድርጎ ማየቱ ቀላል ነገር አልነበረም። አርክቴክቱ ሂው ስተቢንስና የመዋቅር መሐንዲሱ ዊልያም ለሜዠር ውሉን አክብረው ምሰሶዎቹን ከማዕዘን ወደ ጎን መካከል አዛወሩ፤ ቤተ ክርስቲያኗም ከተንጠለጠለው ማዕዘን ሥር ተሠራች።

ምሰሶው ከቦታው ሲነሳ ክብደቱ ሌላ መንገድ ያሻዋል። ለሜዠር ያገኘው መፍትሔ በየስምንት ፎቁ እንደ ደጋን እግር የተገጠሙ ግዙፍ ሰያፍ ብረቶች ናቸው። የማማውን ክብደት ከየአቅጣጫው ሰብስበው ወደ ጎኖቹ መካከል ያወርዳሉ፤ ከዚያ ምሰሶው ይቀበላቸዋል። መዋቅሩ ለቁመቱ እጅግ ቀላል ሆነ፤ ቀላል ነገር ደግሞ በነፋስ ይወዛወዛል። ስለዚህ በሕንፃው አናት ላይ 400 ቶን የሚመዝን የኮንክሪት ብሎክ በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ማማው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ብሎኩ ወደ ኋላ እየቀረ መወዛወዙን ያበርደዋል። መሣሪያው የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ይህ ኋላ ወሳኝ ሆኗል። ሥራው ሲመረቅ በሙያው ዓለም እንደ ታላቅ ብልሃት ተደነቀ፤ አድናቆቱም የሚገባው ነበር።

የፍልስፍናው ጥያቄ የሚጀምረው ከምረቃው በኋላ በነበረው ዓመት ነው። በ1978 አንድ የምሕንድስና ተማሪ ስለ ምሰሶዎቹ አቀማመጥ ያነሳው ጥያቄ መሐንዲሱን ወደ ስሌቱ መለሰው። በጊዜው የከተማው የሕንፃ ደንብ የሚጠይቀው ነፋስ በግድግዳው ላይ ፊት ለፊት ሲመታ የሚደርሰውን ጫና ብቻ ማስላትን ነበር። ምሰሶዎቹ በማዕዘን ላይ ላሉበት ሕንፃ ይህ ይበቃል። ለሜዠር ግን ነፋሱ በማዕዘኑ አቅጣጫ፣ ሁለት ግድግዳዎችን በአንድ ጊዜ ቢመታስ ብሎ ሲያሰላ በአንዳንዶቹ ሰያፍ ብረቶች ላይ የሚያርፈው ኃይል በ40 ከመቶ ሲጨምር አየ። ይህ ብቻውን አያስፈራም ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ግን ሌላ ነገር ሰምቶ ነበር፤ በዕቅዱ ላይ በብየዳ እንዲያያዙ የታዘዙት መጋጠሚያዎች ወጪ ለመቆጠብ በቡሎን እንዲታሰሩ ተለውጠዋል። ለውጡን የፈቀደው የራሱ ቢሮ ነው፤ ለእርሱ ግን አልደረሰውም። በቡሎኖቹ ላይ የሚጨምረው ኃይል 160 ከመቶ ሆኖ ተገኘ።

ለሜዠር ወደ ካናዳ ሄዶ የነፋስ ሙከራውን የሠራውን አላን ዳቨንፖርትን አማከረ። ከዚያ በሜይን ግዛት፣ በሰባጎ ሐይቅ ደሴት ላይ ባለው የበጋ ቤቱ ተቀምጦ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ መረመረ። የደረሰበት መደምደሚያ ይህ ነበር፤ በዐውሎ ነፋስ ወቅት መብራት ጠፍቶ የአናቱ ብሎክ ሥራ ቢያቆም፣ በአማካይ በ16 ዓመት አንድ ጊዜ የሚነሳ ነፋስ ማማውን ሊጥለው ይችላል። የዐውሎ ነፋሱ ወራትም ገብቷል።

በዚያች ሰዓት ይህን የሚያውቅ ሰው እርሱ ብቻ ነበር። ኋላ ራሱ እንደተናገረው በፊቱ የታዩት መንገዶች ሦስት ነበሩ፦ ዝም ማለት፣ ራሱን ማጥፋት፣ መናገር። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ በመልክ ቢለያዩም በውጤት አንድ ናቸው፤ በሁለቱም እውቀቱ ከእርሱ ጋር ይቀበራል፣ አደጋው ግን ቆሞ ይቀራል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዊልያም ክሊፈርድ ማማው ከመመረቁ ልክ 100 ዓመት በፊት፣ በ1877፣ ስለ እምነት ሥነ ምግባር የጻፈው ድርሰት ከዚህ ጋር በእጅጉ ይገጥማል። ክሊፈርድ አንድ የመርከብ ባለቤትን ምሳሌ ያደርጋል። ሰውየው መርከቡ ማርጀቷን ይጠረጥራል፤ ነገር ግን ጥርጣሬውን በመልካም ሐሳብ እያባበለ ያስተኛዋል፤ ስደተኞችን ጭና ትሄዳለች፤ ትሰጥማለች። ክሊፈርድ ባለቤቱን የሚወቅሰው በመርከቧ ደኅንነት ከልቡ አላመነም ብሎ አይደለም፤ ከልቡ ማመኑን ይቀበላል። ጥፋቱ ማመን የማይገባውን ማመኑ፣ መመርመር ሲገባው ኅሊናውን ማፈኑ ነው። ክሊፈርድ ይጨምራል፤ መርከቧ በሰላም ብትደርስ እንኳ የሰውየው በደል አይቀንስም። ለሜዠር ከዚህ ሰው የሚለየው ሐይቁ ዳር ሆኖ ለመናገር ከመወሰኑም በፊት ነው። ተማሪው ሲጠይቅ ሕንፃው ተመርቋል፣ አድናቆቱ ተገኝቷል፣ ደንቡም ተሟልቷል፤ ስሌቱን እንደገና እንዲከፍት ያስገደደው ማንም አልነበረም። የምግባር ትልቁ ሥራ የተሠራው እዚያ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ክፉውን ዜና ፍለጋ መውጣት ከክፉው ዜና በኋላ ትክክለኛውን ከማድረግ ይልቅ ብርቅ ነውና።

የሃይማኖት መጻሕፍትም ለጥያቄው እንግዳ አይደሉም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ከዚያ በፊት የባቢሎኑ ሐሙራቢ በሕጉ፣ የሠራው ቤት ተደርምሶ ባለቤቱን የገደለበት ግንበኛ በሞት እንዲቀጣ ደንግጓል። ሁለቱ ሕግጋት የሚለዩበት ቦታ ጥልቅ ነው። ሐሙራቢ የሚጠብቀው ቤቱ እስኪወድቅ ነው፤ ኦሪት ደግሞ ማንም ሳይወድቅ፣ ገና በጣሪያው ላይ ለሚወጣው ለማይታወቅ እንግዳ ግንበኛውን ባለዕዳ ታደርገዋለች። ትንቢተ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 33 ነገሩን ከግንበኛ ወደ ጉበኛ ያሻግረዋል። ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ያልነፋ ጉበኛ የጠፋው ሰው ደም ከእጁ ይፈለጋል። በዚህ ምሳሌ ዕዳውን የሚያመጣው እውቀቱ ነው፤ ሰይፉን የላከው ጉበኛው ባይሆንም ማየቱ ብቻ ይይዘዋል። ለሜዠር ግንበኛም ጉበኛም ነበር።

መንገዱን መረጠ፤ ተናገረ። ለአርክቴክቱ፣ ለጠበቆችና ለመድን ሰጪዎች፣ ከዚያም ለባንኩ ከፍተኛ ኃላፊዎች ስሕተቱን ራሱ አስረዳ፤ መፍትሔውንም ይዞ ነበር የሄደው። ሌላው ስመ ጥር መሐንዲስ ሌስሊ ሮበርትሰን በአማካሪነት ተጠራ። ከነሐሴ 1978 ጀምሮ ከ200 በላይ መጋጠሚያዎች ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ ተበየደ። አናጢዎች በየመጋጠሚያው ዙሪያ የኮምፔንሳቶ መከለያ ያቆማሉ፤ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲገባ በያጆች ይመጣሉ፤ ሊነጋጋ ሲል ጭሱና አቧራው ተጠርጎ ጸሐፊዎቹ በየጠረጴዛቸው ይቀመጣሉ። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ቀንና ሌሊት ነፋሱን ይከታተሉ ነበር። ከከተማው ባለሥልጣናትና ከቀይ መስቀል ጋር ሕንፃውንና ሰፈሩን ባዶ የማድረግ ዕቅድም በምስጢር ተዘጋጀ።

ከባዱ ጥያቄ ያለው በዚህ ምስጢር ላይ ነው። ለሕዝብ የተሰጠው መግለጫ ሥራው ቀላል ማጠናከሪያ እንደሆነ፣ ሥጋትም እንደሌለ የሚያስመስል ነበር። ነሐሴ 10 የከተማዋ ታላላቅ ጋዜጦች በሥራ ማቆም አድማ ስለ ተዘጉ የሚመረምርም ጠፋ። ምስጢሩን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ክርክር የታወቀ ነው፤ ድርጊት የሚመዘን በውጤቱ ከሆነ ማስደንገጥ ምን ይጠቅማል? ጥገናው እየተካሄደ ነው፤ ትንበያው ይጠበቃል፤ ነፋስ ቢመጣ ሰዉ ይወጣል። ድንጋጤ ግን ራሱ ይጎዳል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ አንድ ነገር ግን በዝምታ ያልፋል። ሒሳቡን የሠሩት አደጋው ሲገለጥ የሚከስሩት ሰዎች ናቸው፤ በሒሳቡ ውስጥ ሕይወታቸው የገባው ሰዎች ግን አልተጠየቁም። በ59 ፎቁ ማማ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ጸሐፊ ነገ ልቅር ወይስ ልምጣ ብላ የመምረጥ መብቷን የተነጠቀችው ለራሷ ደኅንነት በሚል ስም ነው። በካንት አነጋገር ሰዎቹ እንደ መሣሪያ ተቆጠሩ፤ ሊስማሙበት የማይችሉት ዕቅድ አካል ተደረጉ፣ ዕቅዱን አያውቁትማና። ፈላስፋዋ ሲሴላ ቦክ ስለ ውሸት ሥነ ምግባር የጻፈችው መጽሐፍ የታተመው በዚያው በ1978 ነው። በእርሷ መመዘኛ አንድ ማታለል የሚጸድቀው ምክንያቱ በአደባባይ ተነግሮ አስተዋይ ሰዎች ሊቀበሉት ሲችሉ ነው። የሲቲኮርፕ መግለጫ ይህን ፈተና አያልፍም። የተታለሉት ሰዎች ምክንያቱን ቢሰሙ የአንዳንዶቹ የመጀመሪያ ጥያቄ የባንኩ ስምና የሚመጣው ክስ በሚዛኑ ላይ ስንት ይመዝን እንደነበር በሆነ ነበር።

በመስከረም መጀመሪያ፣ ብየዳው ሳያልቅ፣ ኤላ የተባለች ዐውሎ ነፋስ በአትላንቲክ ላይ ተነሥታ ወደ ሰሜን አቀናች። ሰዓታቱ ሲጠብቡ ከባሕሩ ዳርቻ ርቃ ወደ ውቅያኖሱ ታጠፈች። ፈላስፎቹ ቶማስ ኔግልና በርናርድ ዊልያምስ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1976፣ ያነሡት ጥያቄ እዚህ ላይ ሥጋ ለበሰ፤ ሰው በእጁ ባልሆነ ነገር ሊመሰገን ወይም ሊወቀስ ይችላል? ኤላ ባትታጠፍ ኖሮ እነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ውሳኔ፣ በታሪክ ውስጥ ሌላ ስም ይኖራቸው ነበር። ዕድሉ በሌላ በኩልም ሠርቷል። ከ40 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ስሌቱን እንደገና ሠርተው በማዕዘን የሚመታው ነፋስ ፊት ለፊት ከሚመታው እንደማይብስ ደርሰውበታል። ይህ ግኝት የለሜዠርን ድርጊት አያሳንሰውም፤ የምስጢሩንም በደል አያቀልለውም። ክሊፈርድ እንዳለው ሰው የሚጠየቀው በዚያ ሰዓት በያዘው ማስረጃ ፊት ባደረገው ነው፤ በ1978 ደግሞ ያወቁት ሁሉ አደጋው እውነተኛ መሆኑን አምነው ነበር።

ኑዛዜ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ብዙ ጊዜ በጓዳ ይፈጸማል፤ ካሣው ግን የተበደለውን ሰው መድረስ አለበት። ለሜዠር ስሕተቱን ሊጎዱት ለሚችሉት ባለ ሥልጣናት መናዘዙ ድፍረት ነበር፤ ስሙም በምሕንድስና ሥነ ምግባር ትምህርት በክብር መነሣቱ ተገቢ ነው። ሥራው ግን ግማሽ ነው። ብረቱ ተበየደ፤ እውነቱ ለባለቤቶቹ አልደረሰም። እርሱ በ2007 ዐረፈ፤ ሕንፃውን የኒው ዮርክ ከተማ በ2016 በቅርስነት መዝግቦታል፤ የቅዱስ ጴጥሮስ ምእመናንም እስከ ዛሬ ከተንጠለጠለው ማዕዘን ሥር ይጸልያሉ። በ1978 በጋ በማማው ውስጥ የሠሩ፣ በሥሩ ያለፉና በቤተ መቅደሱ የተሰበሰቡ ሰዎች ከምን እንደተረፉ የተነገራቸው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1995፣ ዘ ኒው ዮርከር መጽሔት ታሪኩን ባወጣ ጊዜ ነው።