«ጠፋብኝ» ወይስ «አጠፋሁ»?

በአማርኛችን «ጠፋ» እና «አጠፋ» ጎረቤታሞች ናቸው። የሚለያያቸው አንዲት «አ» ናት። ገንዘብ የጣለ ሰው «ጠፋብኝ» ይላል፤ ገንዘቡ በገዛ እግሩ ሄዶ የከዳው ይመስል። «አጠፋሁ» ያለ ግን በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንድም የነበረውን እንዳልነበረ አደረግሁ፣ አንድም በደልሁ ማለቱ ነው። ከዚህች ከአንዲት ፊደል ጀርባ ሰው ምን ያህል ሊደበቅ እንደሚችል የተረዳሁት አሰንዳቦ ውስጥ፣ በአንድ የለቅሶ ሌሊት፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። በየመጽሔቱ እየጻፈ የሚኖር ሰው የሚደርሰው ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ ሌላው የጠገበው ነው። የኔም አሮጌ በመሆኑ ከባድ የጽሑፍ ፕሮግራም መሸከም አልቻለም። ስለዚህ አንድ ወዳጄ «ቪም» የሚባለውን ቀላል ፕሮግራም ጫነልኝ። የቪም አባት «ቪአይ» ይባላል። ቢል ጆይ የተባለ አሜሪካዊ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1976 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥራ ነው። ቪምን ደግሞ ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አወጣው። በ2023 እ.ኤ.አ. ያረፈው ይህ ሰው ለድካሙ ዋጋ አልጠየቀም፤ ተጠቃሚዎቹን የለመነው በኡጋንዳ የሚኖሩ ችግረኛ ሕፃናትን እንዲረዱ ነበር።

ይህ ፕሮግራም ሁለት ጠባይ አለው። በአንደኛው ጸሐፊ ነው፤ የነካችሁትን ፊደል ይጽፋል። በሌላው ሎሌ ነው፤ የነካችሁት ፊደል ሁሉ ትእዛዝ ይሆናል። በጸሐፊነቱ ጊዜ «ዲ»ን ሁለቴ ብትነኩ ሁለት «ዲ» ይጽፋል። በሎሌነቱ ጊዜ ግን አንድ ሙሉ መስመር ይደመስሳል። ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይወስዳሉ። ምክንያቱም ቢል ጆይ ይሠራበት በነበረው ኤዲኤም ስሪ ኤ በተባለው መሣሪያ ላይ ቀስቶቹ የተሳሉት በእነዚሁ ቁልፎች ላይ ነበር። ከጸሐፊነት ወደ ሎሌነት ለመመለስ «ኢስኬፕ» የምትባለውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። ኪቦርዱ በአማርኛ እንዳለ ትእዛዝ ቢሰጥ ሎሌው «ድ» የምትለውን ፊደል አይሰማትም። ስለዚህ የኛ ሰው በየደቂቃው ሁለት ጊዜ ራሱን ይጠይቃል፤ በየትኛው ጠባይ ላይ ነኝ? በየትኛው ፊደል ላይ ነኝ?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጣቶቼ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ይንተባተቡ ነበር። ከወራት በኋላ ግን አንድ ቀን ማሰቤን ተውሁ፤ እጄ አወቀው። አርስቶትል ሰው ግንበኛ የሚሆነው በመገንባት፣ በገና ደርዳሪም በመደርደር ነው፣ ደግነትም እንዲሁ በመልመድ ይገኛል ይላል። እኔም በዚህ ተጽናናሁ። ያላሰብሁት ነገር ቢኖር እጅ ሲማር የምናስተምረውን ብቻ ሳይሆን ያላስተዋልነውንም አብሮ የሚማር መሆኑን ነው።

እትዬ የምላት አክስቴ በጅማ የቡና መጋዘኖች ለብዙ ዓመታት ቡና ስትለቅም ኖራለች። በስተርጅናዋ አሰንዳቦ፣ ልጇ ዘንድ ገባች፤ እዚያም ዐረፈች። አሰንዳቦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲኬድ በግልገል ጊቤ አካባቢ፣ ጅማ ከመግባታችን በፊት የምናገኛት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ስደርስ መሽቶ ነበር። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያለው ዘመድ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሥራው የታወቀ ነው፤ በማግሥቱ በቀብሯ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ታዘዝሁ። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ከጎኔ ተቀምጠው ልጇ እንኳ የማታውቀውን ነገሩኝ፤ የተወለደችበትን መንደር፣ በየመጋዘኑ አብረዋት የለቀሙትን ሴቶች፣ በሕፃንነቱ የሞተባትን የበኩር ልጇን ስም። ጽፌ ስጨርስ አሮጊቷ ተነሥተው ሄዱ። እኔም ለእራት ተጠራሁ። እጄ ከኪቦርዱ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ምልክቶች ነካ፤ ሁለት ነጥብ፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ።

በቪም ቋንቋ ይህ «የጻፍሁትን ሳታስቀምጥ ውጣ» ማለት ነው። ለምን እንዲህ አደረግሁ? ወራት ሙሉ የተለማመድሁት በማይረባ ጽሑፍ ላይ ነበር። ልምምዱ ሲያበቃ ትርኪምርኪው እንዳይቀር በእነዚሁ ሦስት ምልክቶች እዘጋው ነበር። እጄም ከሥራ መነሣት ማለት ይህ ነው ብሎ ተማረ። ከሁሉ የሚከፋው ቃለ አጋኖዋ ናት። እሷ ባትኖር ኖሮ ፕሮግራሙ «ጽሑፉን አላስቀመጥህም» ብሎ እምቢ ይለኝ ነበር። ቃለ አጋኖዋ የምትገባው የአስጠንቃቂውን አፍ አስቀድማ ለመዝጋት ነው።

ለአክስቴ ልጅ «ኮምፒዩተሩ አጠፋብኝ» አልኋት። «ዕቃ አይደል፣ ምን ታደርገዋለህ ወንድሜ» ብላ አጽናናችኝ። ሌሊቱን ያስታወስሁትን በወረቀት ጻፍሁ። የሕፃኑ ስም ግን አልመጣልኝም። ጠዋት አሮጊቷ ከለቀስተኞቹ መካከል ነበሩ። አልጠየቅኋቸውም፤ መጠየቅ መናዘዝ ስለሆነብኝ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «አንድ ልጅ ወልዳ» ከሚለው ላይ ሲደረስ አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝ።

ለመሆኑ ጥፋተኛው ማን ነው? ለኔ ጥብቅና የሚቆም አንድ ትልቅ ሰው አላጣም። ላሪ ቴስለር የተባለው አሜሪካዊ፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን ቆርጦ የመለጠፍን ዘዴ ካበጁት አንዱ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጠባያቸውን ከሚለዋውጡ ፕሮግራሞች ጋር ተሟግቷል። የመኪናው ታርጋ እንኳ «ኖ ሞድስ» የሚል ነበር። እሱ ይሠራበት በነበረው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል «ብራቮ» ስለተባለ ፕሮግራም አንድ ታሪክ ይነገራል። ሰውየው «ኤዲት» ብዬ እጽፋለሁ ሲል በትእዛዝ ጠባይ ላይ ኖሯል። «ኢ» ሁሉንም ምረጥ፣ «ዲ» ደምስስ፣ «አይ» ጻፍ ሆኑና፣ ከመላው ጽሑፍ አንዲት «ቲ» ብቻ ቀረች። የቴስለር ክርክር እውነት አለበት። ሰው የት እንዳለ ባለማወቁ ብቻ የሚቀጣ መሣሪያ ክፉ መሣሪያ ነው።

ይሁንና ይህ ጥብቅና እኔን አያድነኝም። እኔ የት እንዳለሁ አውቅ ነበር። መሣሪያውም ሊያስጠነቅቀኝ ዝግጁ ነበር፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። «እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» እንዳልልም፣ ያን እጅ ወራት ሙሉ ያስተማረው ማን ነው? ሰክሮ የሚያጠፋ ሰው ቅጣቱ እጥፍ እንዲሆን የሚያዝ ሕግ እንደ ነበረ አርስቶትል ያነሣል። የስካሩ ምንጭ ራሱ ሰውየው ነውና ሳያውቅ ማጥፋቱ ምክንያት አይሆንለትም። ልማድም እንዲሁ ነው። በተግባሩ ሰዓት አላሰብን ይሆናል፤ ልማዱን ስንተክል ግን ነበርን።

ታዲያ ልማድን እንተው? አይቻልም። እትዬ ቡና ስትለቅም ዓይኗ ከሰው ጋር፣ ጨዋታዋ ከሰው ጋር ነበር፤ ጥቁሩንና ነቀዝ የበላውን የሚለየው እጇ ነው። ነገር ግን ከመነሣቷ በፊት የጣለችውን ክምር አንድ ጊዜ በመዳፏ ገለጥ ታደርገው ነበር፤ ደህና ፍሬ አብሮ ወድቆ እንደሆነ ለማየት። ይህም ልማድ ነው፤ ግን ሌላውን ልማድ የሚጠብቅ ልማድ። እኔ ያልተማርሁት ይህን ሁለተኛውን ነበር። ዛሬ ቪምን ስዘጋ ቃለ አጋኖ አላስገባም። መጀመሪያ ኢስኬፕን እነካለሁ፤ ከዚያ አስቀምጥ እላለሁ፤ ከዚያ እወጣለሁ። ቀላል ነገር ነው፤ ግን እጄን እንደገና ለማስተማር ከመጀመሪያው የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል።

ለአርባዋ ወደ አሰንዳቦ ተመለስሁ። አስቀድሜ ከአሮጊቷ ቤት ሄጄ ስሙን ጠየቅኋቸውና ጻፍሁት። ከዚያ የአክስቴን ልጅ ለብቻዋ ጠርቼ «ያን ሌሊት ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ስለ ጥፋቴ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

«የወንድሜ ስም ማን ነበር?» አለችኝ።

ነገርኋት።