ማዕዱ ቢያንስ ምስጋናው ያንሳልን?



«ምስጋና» የሚለው ቃል በአፋችን ዘወትር የሚመላለስ ነው። ጠዋት ስንነሣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፤ ደኅና ናችሁ ወይ ቢሉን መልሳችን ይኸው ነው፤ ከገበታ ስንነሣም እንዲሁ። ነገር ግን ቆም ብለን ይህን ጥያቄ ጠይቀን እናውቃለንን? የሚያመሰግን ሰው በእጁ ብዙ ነገር ሊኖረው ይገባልን? በሌላ ሰው ቸርነት የተሞላ ማዕድስ የማን ምስጋና ይባላል? እኛ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣነው ዐዋቂዎች ስለሆንን ሳይሆን ተሳስተን ስለተማርን ነው።

የምንኖረው በአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ፣ በሜሪላንድ ውስጥ ነው። በዚህ አገር «ታንክስጊቪንግ» የሚባል የምስጋና ቀን አለ፤ የሚውለውም በኖቬምበር ወር በአራተኛው ሐሙስ ነው። ታሪኩን ባጭሩ ማስታወስ ለኋላው ይጠቅመናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1620 ዓ.ም. ሜይፍላወር በተባለች መርከብ ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ፕሊመዝ ላይ ከሰፈሩት 102 ያህል ሰዎች ግማሽ የሚሆኑት በመጀመሪያው ክረምት በብርድና በበሽታ አለቁ። የተረፉት ከአገሬው ተወላጅ በቆሎ መዝራትን ተምረው በ1621 ዓ.ም. መከራቸውን ሲሰበስቡ ግብዣ አደረጉ። ዋምፓኖአግ የተባሉት ተወላጆች አለቃ ማሳሶይትም 90 ያህል ሰዎች አስከትሎ መጣ፤ ሦስት ቀንም አብረው ሰነበቱ። እንግዶቹ ግን ባዶ እጃቸውን አልተቀመጡም፤ ወጥተው አድነው አምስት አጋዘን አመጡ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለአገሬው ተወላጆች መልካም አልነበረም። መሬታቸውን አጥተዋል፤ ብዙ ግፍም ተፈጽሞባቸዋል። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው በፕሊመዝ ተሰብስበው ዕለቱን የኀዘን ቀን አድርገው የሚያስቡትም ስለዚህ ነው። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ብሔራዊ የምስጋና ቀን እንዲከበር ያወጁት በ1863 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። አራተኛው ሐሙስ እንዲሆን በሕግ የተወሰነው ደግሞ በ1941 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ በዓል ዛሬ በጥጋብ ቢታወቅም፣ መነሻው ግማሽ ወገናቸውን የቀበሩ ሰዎች ማዕድ ነበር። በዚያም ማዕድ እንግዳው ራሱ ሰጪ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። በ2017 ዓ.ም. የምስጋናው ሐሙስ የዋለው ኅዳር 19 ቀን ነበር። በአጥቢያችን ሁለት ሕፃናት ልጆች ያሏቸው አንዲት እናት አሉ፤ ትልቋ ስድስት፣ ታናሹ አራት ዓመቱ ነበር። ባለቤታቸው በአዲስ አበባ ሆነው የቪዛ ጉዳይ ይጠባበቃሉ፤ እርሳቸውም በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እየሠሩ ቤቱን ብቻቸውን ይመራሉ። እኛም ተሰበሰብንና «እኚህ እናት በዓሉን ብቻቸውን እንዳይውሉ» ብለን ገንዘብ አዋጣን። ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ወፍ፣ 16 ፓውንድ የሚመዝነውን፣ በረዶ እንደ ሆነ ገዝተን በቤታቸው ልንጠብስ፣ የአገሩን ምግብ በየዐይነቱ ልንደረድር፣ ፎቶግራፍም አንሥተን ለአባላቱ ልናሳይ ወሰንን። ዕቅዱን ሁሉ ከጨረስን በኋላ ነው ለባለቤቲቱ የነገርናቸው።

እርሳቸውም በትሕትና ካዳመጡን በኋላ እንዲህ አሉን፤ «ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳትቀየሙኝ እንጂ ይህን አልፈልገውም። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ በካርቶን ሙሉ ምግብ መጥቶልን ነበር። ልጄ ‹ማን ነው የሰጠን? ለምን ሰጡን?› እያለች ስትጠይቀኝ ዋለች። ልጆቼ እኔን ሁልጊዜ ስቀበል ያዩኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ስሰጥ ይዩኝ። ትንሽ ማዕድ እኔ እሠራለሁ፤ እናንተ እንግዶቼ ሁኑ።»

«እትዬ፣ ታዲያ ምን ይዘን እንምጣ?» ብንላቸው ሣቅ ብለው፣ «ወንበር» አሉን። በቤታቸው ሦስት ወንበር ብቻ ነበር።

አንደብቃችሁም፤ ያን ቀን ቅር ብሎን ተመለስን። በመንገድም ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ «ይህ ትዕቢት አይደለምን? ለልጆቹ የመጣውን በረከት እንዴት ይመልሳሉ?» አለ። ሌላዋ ግን «ትዕቢት ከሆነ ስለምን ጠሩን?» ብላ መለሰች። በዚህ ቃል ላይ ብዙ ቆየን። በእርግጥም ትዕቢተኛ ሰው «ከማንም አልፈልግም» ብሎ በሩን ይዘጋል። እኚህ እናት ግን በሩን ከፈቱልን፤ የመለሱት ስጦታችንን ሳይሆን የሰጠናቸውን ቦታ ነበር። እኛ በዕቅዳችን ውስጥ ለራሳችን የሰጪነትን፣ ለእርሳቸው የተቀባይነትን ወንበር አስቀድመን መድበን ነበርና። ፎቶግራፉም ትዝ ሲለን አፈርን። ፎቶግራፉ ለማን ይጠቅም ነበር? ለሕፃናቱ ነውን?

ቀጥሎም ስለ ዕቅዳችን አስተውለን ስናስብ፣ ትልቅነቱ ራሱ ሸክም እንደ ነበረ ተረዳን። እንዲህ ያለ 16 ፓውንድ ተርኪ በማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶው እስኪለቀው ሦስት አራት ቀን ይፈልጋል፤ ለመጠበስም አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከሌሊት ሥራ የሚመለሱ እናት የሚተኙት ደግሞ ቀን ነው። ለአንዲት እናትና ለሁለት ሕፃናት፣ ከዐሥር ሰው በላይ የሚያጠግብ ሥጋ ማምጣት የእነርሱን ቤት ሳይሆን የእኛን ልብ ለመሙላት ነበር።

አንድ ሌላ ክርክርም ተነሣ። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ቀን ስለሆነ፣ የምስጋናው ሐሙስ አብዛኛውን ጊዜ በጾሙ ውስጥ ይውላል። አንዳንዶቻችን «በጾም ወራት ሥጋ ያለበት ማዕድ እንዴት እንቀርባለን?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ልጆቹ በትምህርት ቤት ስለ ተርኪ ሲዘምሩና ሲሥሉ ሰንብተው በቤታቸው ሳያዩት ቢቀሩ አያዝኑምን?» አልን። እናትየው ግን ነገሩን በቀላሉ ፈቱት። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ለጾም አይገደድም። ስለዚህ ለሁለቱ ልጆች አንድ የተርኪ እግር ብቻ ገዙ፤ እርሱንም መካከሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ድረስ በምድጃ ጠበሱት። ለእኛና ለራሳቸው የጾም ምግብ ሠሩ፤ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ በዘይት የተሠራ የዱባ ወጥ። ዱባውን የመረጡት ዐውቀው ነበር። ዱባ በዚህ አገር የበዓሉ ምግብ ነው፤ በእኛም ቤት የጾም ወጥ ይሠራበታል። ልጅቱ በትምህርት ቤት ቀለም የቀባችው ዱባ በእናቷ ድስት ውስጥ ሲገኝ ሁለቱ ዓለሞቿ በአንድ ሰሐን ላይ ተገናኙላት። ከአንዲት እግር ሥጋም የተነሣ ከእኛ ጾሙን የፈታ፣ ከልጆቹም የተከፋ አልነበረም።

በዕለቱ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሦስት ወንበሮች ተሸክመን ደረስን። ልጅቱ በማሰሮ ውኃ ይዛ እጃችንን አስታጠበችን፤ ትንሹ ወንድሟ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት አንድ አንድ እያደረገ አደለን። ሁለቱም በቤታቸው እንግዳ እንደ ተቀበለ ትልቅ ሰው ኮራ ኮራ ብለው ነበር። ጸሎት ከተደረገ በኋላ እናትየው «እስቲ እያንዳንዳችን የምናመሰግንበትን አንድ ነገር እንናገር» አሉ። እኛ ተማሪዎቹ ረጅም ረጅም ነገር ተናገርን፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤና፣ ስለ አገር። ተራው ለልጅቱ ሲደርስ «እማዬ ዛሬ ቀን ስላልተኛች» አለች። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህች ሕፃን የምስጋናን ትርጉም ከእኛ ይልቅ ታውቅ ነበር። ምስጋና ማለት የተሰጠንን ነገር ለይቶ ማወቅ ነው። ማዕዱ እጅግ ሲሰፋ ዐይናችን በየሰሐኑ ስለሚበተን ይህን መለየት ያቅተናል። ትንሽ ማዕድ ግን እያንዳንዱን ነገር ለይተን እንድናይ ያደርገናል። አባቶቻችን «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» እንደሚሉ፣ ከልብ ላመሰገነም ማዕድ አይገድም።

ምናልባት «የተራበ ሰው ክብር ሳይሆን እንጀራ ነው የሚያስፈልገው፤ ይህ የጠገቡ ልጆች ፍልስፍና ነው» የሚለን ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ እኛም አንንቀውም። በእርግጥ ሕፃናት በተራቡበት ቤት በር ላይ ቆሞ ስለ ክብር መከራከር ኀጢአት ነው። በዚያ ቤት አስቀድሞ እንጀራው ይግባ። ነገር ግን እንጀራ ይዘን ስንገባም «ምን እናምጣ? መቼ ይመችዎታል? እርስዎስ ምን ያካፍሉናል?» ብሎ መጠየቅ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ሰው ዘወትር ተቀባይ ብቻ ሲሆን ጀርባው ይጎብጣል፤ ዘወትር ሰጪ ብቻ የሚሆነው ደግሞ ልቡ ያብጣል። ሁለቱም በሽታዎች ናቸው። መድኃኒታቸውም አንድ ነው፤ እርሱም እያፈራረቁ መስጠትና መቀበል ነው።

በመጨረሻም ለራሳችን ያወጣነውን ደንብ ለእናንተም እናካፍላለን። በሚመጣው የምስጋና ቀን ወይም በማናቸውም በዓል ለአንድ ቤተሰብ ማዕድ ልናዘጋጅ ስንነሣ፣ ዕቅዱን ከመጻፋችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ። ማዕዱን በሰዎቹ ቁጥር፣ በእናትየው ድካምና በሕፃናቱ ሆድ ልክ እናድርገው። ለሕፃናቱም ሥራ እንስጣቸው፤ አስተናግዶ የሚያድግ ልጅ ማመስገንን ይማራልና። ከሁሉም በላይ ደግሞ እስከ ዛሬ ስንሰጠው ብቻ የኖርነው፣ ከእጁም አንዲት ብርጭቆ ውኃ እንኳ ለመቀበል ያላሰብነው ሰው ማን እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

እኛም ከሦስቱ ወንበሮች አንዱን እዚያው ትተን መጥተናል። ቤቱ አራተኛ ሰው ይጠብቃልና።