የዕንጨት ቋጥኝ

«የዕንጨት ቋጥኝ» አለ ቀራጺው። ይህ የሥራው ስም ነው።

ታሪክ፦ ዴቪድ ናሽ የተባለ ቀራጺ በሰሜን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1978 ከትልቅ የኦክ ግንድ ድብልብል ቋጥኝ ጠርቦ አወጣ። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ያህላል። በጅረት አውርዶ ወደ መሥሪያ ስፍራው ሊወስደው ነበር፤ ከፏፏቴ ሥር ድንጋይ መሀል ተወሸቀበት። ተወው። ቦታህ ይህ ነው ሲለው ነው።

ዕንጨት ሲሆን ቋጥኝ ለምን አለው ቢሉ፣ መልኩን ሲያይ ነው። ኦክ ቆዳ የሚለፋበት ታኒን አለው፤ ታኒኑ ከውኃው ብረት ጋር ሲገናኝ ዕንጨቱን ያጠቁረዋል። አዲስ ሲጠረብ ፈዘዝ ያለው ግንድ እያደር ጠቁሮ ከጅረቱ ድንጋዮች ተመሳሰለ። ቀለም የቀባው ውኃው ነው።

አንድም ቋጥኝ አለው፣ የሚቀመጥ ነውና። የዕንጨት አለው፣ የሚሄድ ነውና። ዓመታት ካንድ ስፍራ ሳይነቃነቅ ይቆያል፤ ደራሽ ሲመጣ ይነሣል፣ ውኃው ሲጎድል ካደረሰው ይቀመጣል። እንዲህ እያለ ወደ ድዊሪድ ወንዝ ወረደ።

አንድም የዕንጨት አለ፣ ኃላፊ ነው ሲል። ነሐስና እብነ በረድ የሚመርጥ ሰው ሥራው እንዳይጠፋበት ይሻል። ናሽ ግን ዕንጨቱን ባሕርዩን አልነሣውም። በሌላ ሥራውም በ1977 ሃያ ሁለት የአሽ ዛፍ ችግኞች ክብ አድርጎ ተክሎ እያጎበጠ ጉልላት አድርጓቸው ነበር። በሽታ ሲገባባቸው አልነቀላቸውም፤ በዙሪያቸው ኦክ ተከለ።

አንድም፣ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው፣ ጠራቢው ሁለት ነው። ሰው ሲጠርበው በየገጹ ጠፍጣፋ፣ በየጠርዙ ስለታም አድርጎ ተወው፤ ወንዙ ጠርዙን ከድንጋይ እያጋጨ አለዘበው። ሰውየው የወንዙን እጅ አልከለከለም። ካሜራና እርሳስ ይዞ ተከተለው እንጂ ጎትቶ ወደ ቤት አልመለሰውም። ለእጁ ሥራ እንዲህ የሚሳሳ ሰው እንዲህ ሲለቅ ማየት ልቤን ይነካዋል።

ፍጻሜውሳ ቢሉ፣ የወንዙ አፍ ላይ ማዕበል ወደ ውስጥ ሲገባ ያነሣዋል፣ ሲሸሽ አሸዋ ላይ ይጥለዋል። በ2003 ታጣ፤ ባሕር ወሰደው ተባለ። ከዓመታት በኋላ እዚያው ብቅ አለ፤ ደግሞ ተሰወረ። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው ጥቁር ድብልብል ነገር ከአሸዋው ቢያይ፣ ቀርቦ በጥፍሩ ካልፈተነው ዕንጨት ይሁን ድንጋይ አያውቅም።