ስለ ሥዕል ማጣመርና ስለ እውነት

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መንገድ ላይ ባለችው በአዲጋላ፥ ሐሩር በበረታ ጊዜ ምድረ በዳው ከሩቅ ውሃ መስሎ ይታያል። የጋለው አየር የሰማዩን ብርሃን ያጥፈዋልና። መንገደኛው ቢሳሳትም በረሃውን ሐሰተኛ አይለውም፤ በረሃው ሊያታልል አላሰበምና።

ሥዕልን በኮምፒውተር ማጣመር የሚማር ወጣት ግን የሚያደርገውን ያውቃል። በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት የቆመውን ሰው ይወስድና በመጋረጃው ፈንታ ሌላ አገር ይተካበታል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 1 የሚደርስ፥ አልፋ የሚባል ቁጥር ይሰጣል፤ 0 ፈጽሞ የማይታይ፥ 1 ፈጽሞ የሚታይ ነው። የጥበቡም ፍጻሜ ስፌቱ እንዳይታወቅ ማድረግ ነው።

ይህ ተማሪ የውድ ዕቃዎችን ማስታወቂያ ሲመረምር፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ዲዮር ዣዶር ለሚባለው ሽቶ ያወጣውን ያገኛል። በዚያ፥ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት፥ ከሻርሊዝ ቴሮን ጋር ግሬስ ኬሊ፥ ማርሌን ዲትሪክና ማሪሊን ሞንሮ ይታያሉ፤ ሦስቱም አስቀድመው የሞቱ ናቸው።

ታዲያ ይህ ሐሰት ነውን? ሙታኑን የሚያውቅ ተመልካች እንዳልተነሡ ያውቃልና እንደ ተረት ያየዋል። ሐሰት የሚገባው ስፌቱ በማይጠረጠርበት ቦታ ነው። ወገብዋ በኮምፒውተር የቀጠነላትን ሴት፥ አዲጋላ ሆና በስልክ የምታይ ልጃገረድ ራስዋን ከሌለ አካል ጋር አስተያይታ ታዝናለች። ስለዚህ ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ እንዲህ ያለው የማስታወቂያ ፎቶግራፍ እንደ ተለወጠ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲኖርበት አዘዘች።

እንግዲህ ነውሩ በማጣመሩ አይደለም። ጥበቡ ስፌቱን ይሰውር፤ ሠሪው ግን መሰፋቱን አይሰውር።