ጥፋተኛ ፍለጋ

አምልኮው በጋለበት ሰዓት ሁለት ጆሮውን በእጁ ደፍኖ የሚጮኽ ልጅ አይታችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ በልባችሁ ምን አላችሁ? ከኋላ ወንበር የሚሰማው ሹክሹክታ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «እናቱ አሞላቅቃው ነው» ይላል። ሌላው «መንፈስ ነው፤ ዝማሬውን ጠልቶ ነው» ይላል። ልጁ የቆመው ከሞንታርቦው አጠገብ መሆኑን ግን ማንም ልብ አይልም።

ኦቲዝም ያለበት ሰው አእምሮ ገና ከሕፃንነቱ በተለየ መንገድ ያድጋል። በዚህም ምክንያት ንግግሩ፣ ከሰው ጋር የሚግባባበት መንገድ፣ ድምፅን፣ ብርሃንንና መነካትን የሚቀበልበት ሁኔታ ከብዙዎቻችን ይለያል። አንዳንዱ ጨርሶ አይናገርም፤ አንዳንዱ አቀላጥፎ ይናገራል። እኛን ደስ የሚያሰኘን ከበሮና ኪቦርድ ለአንዳንዱ ጆሮ ሕመም ነው። ያ ልጅ የሸሸው ከእግዚአብሔር ሳይሆን ከጩኸቱ ሊሆን ይችላል።

ጥፋተኛ መፈለግ የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ካስተዋወቀ በኋላ፣ ብዙ ባለሙያዎች መንስኤው የእናት ፍቅር ማጣት ነው ብለው ለዓመታት አስተማሩ። ትምህርቱ ስሕተት ነበር። ኦቲዝም ከአስተዳደግ እንደማይመጣ፣ የዘር ውርስም ትልቅ ድርሻ እንዳለው ዛሬ ይታወቃል። እዚያ እናቲቱ «ፍቅር የነፈገች» ተባለች፤ እዚህ «የተረገመች» ትባላለች። ስሙ ይለያይ እንጂ ሸክሙ አንድ ነው።

ይህ ጥያቄ ጌታ ፊትም ቀርቦ ነበር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው፣ በደሉ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። ልብ በሉ፤ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ሰውየው ተነጋገሩ እንጂ እርሱን አላነጋገሩትም። ጥፋተኛ የሚፈልግ ሰው ራሱን ከጉዳዩ ውጭ ያቆማል። ጥፋተኛው ከተገኘ፣ ከእርሱ የሚጠበቅ ነገር የለምና።

ካነር ከጻፈላቸው ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል። በ3 ዓመቱ ወላጆቹ ከቤት አርቀው ተቋም አስገቡት፤ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ግን መልሰው ወሰዱት። በሚሲሲፒ ግዛት፣ ፎረስት በተባለች ትንሽ ከተማ ኖረ። ኮሌጅ ተማረ፣ ባንክ ውስጥ ሠራ፣ ብዙ አገር ተጓዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። ኦቲዝሙ አብሮት ነበር። የቤተሰቡ ሀብት እንደ ረዳው አይካድም። ነገር ግን የከተማው ሰው ከነጠባዩ ተቀብሎት አብሮት ኖሯል፤ ይህ ደግሞ በገንዘብ አይገዛም። በአገራችንም ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት ስታጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈተች። ለእርሷ ልጅ የጠፋው በር ለሌሎችም ልጆች ተከፈተ።

«ታዲያ አንጸልይለት?» ትሉ ይሆናል። ጸልዩ እንጂ! ነገር ግን «ሲድን ያምጡት» ማለት ጸሎት ሳይሆን በር መዝጋት ነው። መነካትና ጩኸት የሚያስጨንቀውን ልጅ ከብቦ፣ ይዞና ጮኾ «ጋኔን ውጣ» ማለትም ጭንቀቱን ያብሳል፤ በጭንቀት መንፈራገጡም እንደ ማስረጃ ይቆጠርበታል። ፍቅር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አመመህ?» ብሎ ነው።

በሠፈራችሁ ከሰው ዓይን የተሸሸገ ልጅ፣ ልጃቸውን የሚይዝላቸው አጥተው ከጉባኤ የቀሩ እናት ይኖሩ ይሆናል። የወጣት ኅብረታችሁ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው። የሞንታርቦውን ድምፅ ቀንሱ፤ ጸጥ ያለ ክፍል አዘጋጁ፤ እናትየው ጉባኤ እንዲካፈሉ ተራ ገብታችሁ ከልጁ ጋር ተቀመጡ። በስሙ ጥሩት፤ ባይመልስም አትቀየሙት። እናቱንም «ምን አድርገው ነው?» አትበሏቸው፤ «ምን እናግዝዎ?» በሏቸው።