ስለማይሸጥ ሀብት

ድኻ አገር በምድሩ ውስጥ ያለውን ሀብት ሳያወጣ መተው ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው የኤኳዶር ሕዝብ በድምፁ መልሶታል።

ያሱኒ ከሚባለው ታላቅ ደን ሥር የነዳጅ ዘይት አለ፤ በደኑም ውስጥ ታጋኤሪና ታሮሜናኔ የሚባሉ፣ ከሌላው ዓለም ተለይተው መኖርን የመረጡ ነገዶች ይኖራሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ፕሬዚዳንት ራፋኤል ኮሬያ ከዘይቱ ከፊሉ ሳይወጣ እንዲቀር፣ ዓለምም በምትኩ 3.6 ቢሊዮን ዶላር እንዲያዋጣ ሐሳብ አቀረቡ። የተዋጣው ግን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ በ2013 ሐሳቡ ተተወ፤ በ2016ም ዘይቱ መቀዳት ጀመረ። በነሐሴ ወር 2023 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከመቶው 59 ያህሉ በዚያ ክፍል ሥራው እንዲቆም ፈረደ።

ዘይት ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የሚሠራበት ገንዘብ ነውና፣ በዚህ ፍርድ ያዘነውን ሰው ስግብግብ ልንለው አይገባም። ይሁን እንጂ የሁለቱን ጊዜያት ልዩነት እናስተውል። በፊተኛው ጊዜ ደጉ ሥራ ካሣ ይጠብቅ ነበር፤ በኋለኛው ግን ማንም ሳይከፍል ተወሰነ። ደኑ የሌሎች ቤት፣ ገና ላልተወለደውም ልጅ ርስት መሆኑን የተረዳ ሰው፣ ባለመሸጡ ዋጋ አይጠይቅም።

ይህም ሲባል ዘይት ገዥው ባለጸጋ ከዕዳ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም፤ ድኻው ከጉሮሮው ቀንሶ የሚጠብቀው ደን ጥቅሙ ለሁሉ ነውና። ደግሞም የጉድጓዶቹ መዘጋት እንደ ድምፁ ፈጣን አልሆነም። ሕዝብ የፈረደውን የሚፈጽም ባለሥልጣን ካልተገኘ፣ መልካም ፍርድ በወረቀት ላይ ይቀራል።